መጨረሻ የሚጠረግ መንገድ

በአሜሪካ፣ ሐይቅ ዳር ባለችው ፖርት አልደን ከተማ ከንቲባን የሚሾመውም የሚሽረውም በረዶ ነው። ሕዝብ ድምፅ ይሰጣል ይባላል እንጂ ሕዝቡ የሚሰጠው በረዶው የመከረውን ነው። ሐይቁ ኅዳር ላይ ማጉረምረም ይጀምርና እስከ መጋቢት አጋማሽ ያለውን ሁሉ ከተማዋ ላይ ይዘረግፋል። ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት ሠርቻለሁ፣ ድልድይ ዘርግቻለሁ ቢሉት የሚሰማ የለም። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፤ መንገዴ ተጠርጓል ወይስ አልተጠረገም?

ካዝ ሮጋላን ከንቲባ ያደረገውም በረዶ ነው፤ በረዶና አንድ አሮጌ የኩሽና ወንበር።

ያኔ ካዝ የሠላሳ ስምንት ዓመት ጎልማሳ፣ የቋሊማ ሠሪ ልጅ፣ በከተማው ምክር ቤት የኋላ ረድፍ ላይ እያዛጋ ስብሰባ የሚጨርስ የሰፈር ተመራጭ ነበር። በዚያ ክረምት ሦስት ቀን ሙሉ ሳያባራ ጣለና መኪናው ሁሉ ተቀበረ። ደንቡ መቼም የታወቀ ነው። አካፋ ይዞ፣ ወገቡ እስኪቆረጥ ቆፍሮ ለመኪናው ማቆሚያ ያወጣ ሰው፣ ሥራ ሲሄድ ቦታው ላይ ወንበር ያቆምበታል። በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ ያ ቦታ የባለወንበሩ ነው። በየትኛውም ሕግ አልተጻፈም፤ ነገር ግን የተጻፈውን ሕግ ገጽ በገጽ የሚጥሱ ሌቦች እንኳ የሰው ወንበር አይነኩም።

የጊዜው ከንቲባ ፍሎሪዳ ሄዶ ፀሐይ እየሞቀ ነበርና በስልክ አዘዘ፤ መንገድ ላይ የተገኘ ወንበር ሁሉ በቆሻሻ መኪና ይሰብሰብ። መኪናው ዊልጋ መንገድ ሲደርስ ፊት ለፊት ያገኘው የፓኒ ብሮኒያ ማዙርን ቢጫ ወንበር ነው፤ የሰፈሩ ፖላንዶች ወይዘሮን ፓኒ ይላሉ። ባለቤታቸው ጆዜፍ በታመመ ልቡ ግማሽ ቀን ቆፍሮ ያቆመው ወንበር ነበር። ካዝ ከቤቱ በካልሲና በሸሚዝ ሮጦ ወጣና ወንበሩን እቅፍ አድርጎ መኪናው ፊት ተገተረ።

"ሰው ላቡን ያፈሰሰበትን ቦታ መንግሥት አይነካም! ከወሰዳችሁም እኔን ከነወንበሩ ውሰዱኝ!"

የቴሌቪዥን ካሜራ በአጋጣሚ እዚያ ነበር። ካዝ እስኪሞት ድረስ በአጋጣሚ ነበር ይላል፤ እኛም እንቀበለዋለን። ሹፌሩ፣ እሱም ቤቱ ደጃፍ ወንበር አቁሞ የመጣ ሰው ነውና፣ መኪናውን አዙሮ ሄደ። በሚቀጥለው ምርጫ ያ ፍሎሪዳ የነበረው ሰው ለዘለቄታው ፍሎሪዳ ቀረ፣ ካዝ ከንቲባ ሆነ። ጆዜፍ ማዙር ይህን አላየም፤ በዚያው መጋቢት ልቡ ቆመች። ሣጥኑን ከተሸከሙት ስድስት ሰዎች አንዱ ካዝ ነበር።

አዲሱ ከንቲባ ቢሮ ገብቶ የፈረመው የመጀመሪያ ትእዛዝ እንዲህ ይላል፤ "እኔ የምኖርበት ዊልጋ መንገድ ከከተማው መንገዶች ሁሉ በመጨረሻ ይጠረግ።" ከተማው አበደ። ለራሱ የማያዳላ ሰው አገኘን ብሎ አለቀሰ። ጋዜጣ ጻፈ፣ ቄስ ሰበከበት፣ ፖስተር ታተመበት። ካዝ አሥራ ሁለት ዓመት የገዛው በዚያች አንዲት መስመር ነው ቢባል ማጋነን አይደለም።

ግን ዊልጋ መንገድ ላይ ካዝ ብቻውን አይኖርም። አርባ ሁለት ቤት አለ። አርባ ሁለቱም ቤት የካዝን ትሕትና በጉልበቱ ሲሸከም ኖረ። ሚስቱ ሎሬይን አሥራ ሁለት ክረምት ሙሉ የገበያ ከረጢቷን ይዛ እስከ ጉልበቷ እየሰመጠች ገባች፤ እሱን የከተማው መኪና ማዕዘኑ ድረስ መጥቶ ይዞት ይሄዳል። ጎረቤቱ ያጉረመርማል፤ ያጉረመርምና ደግሞ ለሌላ ሰፈር ሰው "የእኛ ካዝ እኮ" ብሎ ይኮራል። ምርጫ ሲመጣ የዊልጋ መንገድ ድምፅ በሙሉ የካዝ ነው። ከአንድ በቀር። በየምርጫው፣ ሳታጎድል፣ አንዲት ድምፅ ትቃወመዋለች። ካዝ የከተማውን ውጤት ሳይጠይቅ በፊት የሰፈሩን ሣጥን ነበር የሚጠይቀው፤ ያቺን አንዲት ድምፅ ማን እንደሰጣት ሲያወጣና ሲያወርድ አሥራ ሁለት ዓመት አለፈ። ቧንቧ ሠራተኛውን ስታሽን ይጠረጥር ነበር።

ከዚያ "ከንቲባነት ጠበበኝ" አለና ለኮንግረስ ተወዳደረ፤ አሸነፈም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለካዝ ነው። እዚህ ስልክ ሲያነሣ የመንገድ መብራት ይበራ ነበር። ዋሽንግተን ስልክ ሲያነሣ ማን ልበል ይሉታል። አራት መቶ ሠላሳ አምስት የምክር ቤት አባል አለ፤ ቢሮው ላይኛው ፎቅ፣ መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ነው። የመጀመሪያ ንግግሩን አንድ ወር ሲያጠና ቆይቶ አንድ ደቂቃ ተሰጠው፤ አዳራሹ ውስጥ የሰማው ከጽሕፈት ሠራተኛዋ ሌላ አንድ እንቅልፍ የወሰደው ሽማግሌ ነበር። አሳንሰር የሚነዳው ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ "ሚስተር ሮጋን" እያለ ጠራው።

ካዝ ይህን ሁሉ ችሎታል። እዚያ ማንም ባይሆን ግድ አልነበረውም፤ ዊልጋ መንገድ ላይ ሰው መሆኑ እስካልቀረ ድረስ። ያቺ መንገድ የእኔ ናት ብሎ ያስብ ነበር፤ ሌላው ዓለም ቢረሳው እሷ አትረሳውም።

ሁለት ዓመቱ አለቀና የፓርቲው ማጣሪያ ምርጫ መጋቢት ላይ ደረሰ። ተቀናቃኙ ማርቲን ኩዊለን ነው፤ ካዝ ራሱ የመንገዶች መሥሪያ ቤት ኃላፊ አድርጎ የሾመው ሰው። ኩዊለን ያቺን የካዝን ትእዛዝ በመስታወት አስገብቶ ቢሮው ግድግዳ ላይ ሰቅሏታል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ኩዊለን ግን ሞኝ አልነበረም። ካዝ ከንቲባ መሆኑ ከቀረ በኋላ የዊልጋ ሰዎች "አሁንስ ጥረጉልን" ብለው ሲሄዱበት፣ ጣቱን ወደ ግድግዳው ቀስሮ "የእሳቸውን ቃል እኔ እንዴት አጥፋለሁ? እሳቸው ይሰርዙት" ይላቸዋል።

በየካቲት ፓኒ ብሮኒያ ለካዝ በእጃቸው ደብዳቤ ጻፉ። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ መኪና የላቸውም። ልጃቸው ሪሻርድ ከብረት ማቅለጫው የሌሊት ሥራ ሲወጣ እሑድ እሑድ መጥቶ ቤተ ክርስቲያን ያደርሳቸዋል፤ ቦታውን ቅዳሜ እሱ ቆፍሮ ቢጫውን ወንበር ያቆምላቸዋል። "ካዝዬ፣ አንተ አሁን እዚህ አትኖርም፤ እኛ ግን አለን። ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም። ለኩዊለን አንዲት ቃል በልልኝ" አሉት።

ካዝ አነበበው። ፈገግም አለ፣ ስልኩንም አነሣ። ከዚያ ፖስተሮቹ ትዝ አሉት፤ ሦስት ሺህ ፖስተር "የእሱ መንገድ መጨረሻ ይጠረጋል!" የሚል ታትሞ ተለጥፏል። ሁለት ሳምንት ምን አላት፣ ምርጫው ይለፍና አደርገዋለሁ ብሎ ስልኩን መልሶ አስቀመጠ። ቢሮው እንደ ልማዱ በማሽን የታተመ መልስ ላከላቸው፤ "ውድ መራጭ፣ በበረዶ ጉዳይ ስላካፈሉን ጠቃሚ አስተያየት ከልብ እናመሰግናለን።" ፓኒ ብሮኒያ ማቀዝቀዣቸው ላይ ለጠፉት፤ የመጣ እንግዳ ሁሉ አነበበው።

ምርጫው ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ እሑድ ጠዋት፣ ካዝ የቴሌቪዥን ጣቢያውን ዊልጋ መንገድ ላይ ቀጠረ። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ያልተጠረገ መንገድ፣ ትሑት ቤት፣ ሚስት፣ በሥጋ የተሞላ ጥቅል ጎመን። ራሱ መኪናውን እየነዳ መጣ። መንገዱ ግራና ቀኝ የበረዶ ግድግዳ ሆኗል፤ ከዳር እስከ ዳር የተቆፈረ ቦታ አንድ ብቻ ነበር። መሐሉ ላይ ቢጫ ወንበር ቆሟል።

"ክቡርነትዎ፣ ለስድስት ሰዓት ዜና መድረስ አለብን" አለው ካሜራ የተሸከመው ሰው።

ካዝ ያደረገው የዋሽንግተን ጫማ ነው፤ ቀጭን። ሁለት ዓመት ወንበር በሌለበት ከተማ ኖሯል፤ ከዚያ በፊት አሥራ ሁለት ዓመት ሌላ ሰው ነድቶታል። "ለአምስት ደቂቃ ነው" አለ፣ ለማን እንዳለ እንጃ። ወረደ፣ ወንበሩን በሁለት ጣት አንሥቶ የበረዶው ክምር ላይ ወረወር አደረገውና መኪናውን አቆመ።

ገብቶ ጥቅል ጎመኑን በላ፣ ተናገረ፣ ደግሞ በላ፤ ድምፁ አልተቀዳም ስላሉት ሌላ በላ። በመስኮቱ ፓኒ ብሮኒያ ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው ደጃቸው ላይ ቆመው አያቸውና እጁን አውለበለበ። እሳቸው አላውለበለቡም። ብርዱ ነው ብሎ አሰበ። ሲወጣ ወንበሩን አቃንቶ፣ በረዶውን እንኳ አራግፎለት ቦታው መለሰው። ማንም አላየኝም ብሎ ነበር፤ ካሜራውን ራሱ ጠርቶት እንደመጣ ረስቶ።

በስድስት ሰዓት ዜና ጥቅል ጎመኑ አልታየም። ጣቢያው ሁለት ፊልም ጎን ለጎን አሳየ። በግራ በኩል በካልሲ የቆመ ወጣት ቢጫ ወንበር አቅፎ ይጮኻል፤ በቀኝ በኩል ፀጉሩ የሸበተ ሰውዬ ያንኑ ቢጫ ወንበር በሁለት ጣቱ ይወረውራል። አስተያየት አልተጨመረበትም፤ አላስፈለገም።

ስታሽ ቧንቧ ሠራተኛው መጠጥ ቤት ውስጥ ብርጭቆውን አስቀመጠ። "ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ" አለ። "የናቀው ወንበሩን አይደለም፤ እኛን ነው።"

ሰኞ ካዝ አንድ ሣጥን ፖንችኪ፣ የፖላንዶቹን ዶናት፣ ገዝቶ የፓኒ ብሮኒያን በር አንኳኳ። በሩ በሰንሰለቱ ልክ ተከፈተ።

"ፓኒ ብሮኒያ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። ለአምስት ደቂቃ ብዬ እኮ ነው..."

"አንድ ሰዓት ከሩብ ነው። ሰዓቱን ሳየው ነበር፤ ሌላ የማየው አልነበረኝም።"

"ሪሻርድ ሌላ ቦታ..."

"የት? ማዕዘኑ ላይ በረዶው ዋጠው። በእግሬ ልሂድ ብዬ ሦስት ቤት ሄጄ ተመለስኩ። ቅዳሴው ያለእኔ ተቀደሰ።"

"ለሚቀጥለው እሑድ እኔ ራሴ አደርስዎታለሁ!"

"ካዝዬ" አሉ ድምፃቸው ሳይከፋ፤ ክፉ ቢሆን ይሻለው ነበር። "ትናንት የጆዜፍ ሙት ዓመት ነበር። ሣጥኑን በግራ በኩል የያዝከው አንተ ነህ። አባ መታሰቢያውን አንድ ሳምንት አሸጋግረውልኛል። ዶናቱን ለሎሬይን ውሰድላት፤ እኔ ስኳር አለብኝ።"

በሩ ተዘጋ። ካዝ ደረጃው ላይ ሣጥኑን ታቅፎ ቆመ። አፈረ፤ እንደ ልጅ አፈረ። በፖለቲካ ውስጥ በኖረበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶበት አያውቅም።

ማክሰኞ ምሽት በፖላንዶቹ አዳራሽ ውጤት ሲነገር እንደ ልማዱ መጀመሪያ የሰፈሩን ሣጥን ጠየቀ። ከሁለት መቶ አሥራ አራት ድምፅ ኩዊለን ሁለት መቶ አሥራ ሁለት፣ ሮጋላ ሁለት። በጠቅላላ ከተማው በጥቂት መቶ ድምፅ ነው የተሸነፈው፤ እሱ ግን ይህን ሲነግሩት የሰማም አይመስልም። አንዷ የራሱ ናት። ሌላዋስ?

ቤት ገብቶ ሎሬይንን እጇን ያዛት። "ቢያንስ አንቺ አልከዳሽኝም።"

ሎሬይን እጇን ቀስ ብላ አላቀቀች። "ካዝ፣ ዛሬ ተሸንፈሃል፤ ስለዚህ አልዋሽህም። እኔ አንተን አንድም ቀን መርጬህ አላውቅም።"

"ምን?"

"ያቺ አንዲት ድምፅ እኔ ነኝ። አሥራ ሁለት ክረምት ድንች በጀርባዬ ተሸክሜ በዚያ በረዶ ገብቻለሁ። ባልነትህ ደህና ነው፤ ተመስገን ነው። በከንቲባነትህ ግን ጉልበቴ አልቋል።"

"ዛሬስ?"

"ዛሬ ልማዴን ለምን እተዋለሁ? ዛሬማ ሰው ሁሉ ተከተለኝ እንጂ።" ሳቀች፤ ቆይቶ እሱም ሳቀ።

ሌሊቱን ደግሞ ጣለ። ረቡዕ ጠዋት ካዝ ምድር ቤት ወርዶ የአባቱን ቦት ጫማና አካፋ አወጣ። የራሱ መኪና ከመንገዱ ማዶ ተቀብሯል፤ እሱን ዝም ብሎ አለፈና የፓኒ ብሮኒያን ቦታ መቆፈር ጀመረ። ሃምሳ ሁለት ዓመት የሞላው ወገብ ነው፤ በየአሥር አካፋው ቀና እያለ አየር ይስባል። ጎረቤቱ በመጋረጃ ያየዋል፤ የወጣ የለም። ስታሽ ብቻ በመስኮት ብቅ ብሎ "ካሜራው የት አለ?" አለው።

"ካሜራ የለም።"

"ታዲያ ለማን ነው የምትቆፍረው?" ብሎ መስኮቱን ዘጋው።

ሦስት ሰዓት ያህል ፈጀበት። ጨርሶ አካፋው ላይ ሲደገፍ ፓኒ ብሮኒያ ቢጫውን ወንበር እየጎተቱ ወጡ። ዙሪያውን ተመለከቱ፤ ጠርዙን በጫማቸው ነካ ነካ አደረጉት።

"ጆዜፍ ጥጉን የበለጠ ያስተካክለው ነበር" አሉ።

"አስተካክለዋለሁ።" ትንፋሹን ሰበሰበ። "ፓኒ ብሮኒያ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ከሰፈሩ ሣጥን ሁለት ድምፅ አግኝቻለሁ። አንዷ የኔ ናት።"

"ሌላዋ የኔ ናት።"

የካዝ ዓይን እንባ አቀረረ። "ከዚያ ሁሉ በኋላ?"

"ምን በኋላ አለ! በፊት ነው እንጂ። መንገዱ እንደማይጠረግ አውቃለሁ፤ በምርጫው ቀን እንዴት እወጣለሁ ብዬ ከሁለት ሳምንት በፊት በፖስታ ልኬዋለሁ። ያ የታተመ ደብዳቤህ ደግሞ በማግስቱ ደረሰኝ። እሑድ ማታ ምርጫ ቢሮ ደውዬ መልሱልኝ ብል አይመለስም አሉኝ።"

ካዝ አካፋውን በረዶው ላይ ተከለው። እንግዲህ በሰፈሩ ያገኛት አንዲት የሰው ድምፅ የመጣችለት መንገዱ ባለመጠረጉ ነው።

በዚያች ደቂቃ ከወደ ማዕዘኑ ዊልጋ መንገድ በማለዳ ሰምቶት የማያውቅ ድምፅ ተሰማ። ትልቁ በረዶ ጠራጊ መኪና ብርቱካናማ መብራቱን እያሽከረከረ ብቅ አለ። ኩዊለን ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጧል፤ ከኋላው ካሜራ አለ። የድሉ ማግስት ሥራው መሆኑ ነው። አርባ ሁለቱም በር በአንዴ ተከፈተ፤ ሰው በቤት ውስጥ ልብሱ ወጥቶ አጨበጨበ። በረዶ ጠራጊ ደግሞ እንደምታውቁት በረዶ አያጠፋም፤ ከመሐል አንሥቶ ዳር ያለው ላይ ይከምራል። ከፊቱ የተገጠመው የብረት ምላጭ በቀኝ በኩል የቆመውን ሁሉ እየቀበረ ወደ ፓኒ ብሮኒያ ቦታ መጣ።

ካዝ ወንበሩን ከእጃቸው ወስዶ ቦታው መሐል አቆመውና ቁጭ አለበት።

መኪናው ቆመ። ሹፌሩ አንገቱን አወጣ። "አንተ ሽማግሌ! ዳር ያዝ እንጂ!"

ካሜራው ዞረበት። ያቺ የድሮ ንግግር ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረች፤ ላብና መንግሥት ያለባት፣ አሥራ ሁለት ዓመት ያበላችው። ዋጣት።

"ቦታው ሰው አለው" አለ ብቻ።

"የማን ነው?"

"የፓኒ ብሮኒያ ማዙር።"

"ቀጥል፣ ቀጥል!" አለ ኩዊለን ከውስጥ።

ሹፌሩ ኩዊለንን አየው፣ ወንበሩን አየ። "ጌታዬ፣ ወንበር አለ እኮ" አለውና ምላጩን ወደ ግራ አዞረ። የዚያን ሁሉ መንገድ በረዶ ሰብስቦ ማዶ፣ የካዝ መኪና ላይ ደፋውና አለፈ። ከመኪናው አንቴናው ብቻ ቀረ።

ሕዝቡ ሳቀ፤ ከልቡ ሳቀ። ካዝ ግን ለመሳቅ እንኳ አቅም አልነበረውም፤ እዚያው ተቀምጦ ቀረ።

"በል ተነሥ ከወንበሬ" አሉት ፓኒ ብሮኒያ።

ተነሣ። ወንበሩን በሁለት እጁ ይዞ መሐል ለመሐል አስተካከለላቸው። ወደ ቤታቸው ሦስት እርምጃ ሄደው ዞር አሉ።

"የእሑዱ ቅዳሴ በአራት ሰዓት ተኩል ነው። ለጆዜፍ አንተም ብትኖር ደስ ይለዋል።"

"እመጣለሁ፣ ፓኒ ብሮኒያ።"

"በእግርህ ና" አሉትና በሩን ዘጉ።